ንባብና ትርጓሜ በሙዚቃ ቴአትር፤ ስለ ሮበርት ራስል ቤኔት የኦርኬስትራ ቅንብር

ዘፈን ያለበት ቴአትር ሲታይ የተመልካቹ ምስጋና የሚደርሳቸው ሰዎች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ ዘፋኙ፥ ቀጥሎ ዜማውን የደረሰው፥ ከዚያም ግጥሙን የጻፈው ይመሰገናል። በኛ አገር በካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፥ ዜማ፥ ቅንብር» ተብሎ ሦስት ነገር ተለይቶ ሲጻፍ ስለ ኖረ፥ ሦስተኛው ቃል የሚያመለክተው ሥራ ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ቴአትር ታሪክ የሚያውቁም የኔርሲስ ናልባንድያንን ድካም ያስታውሳሉ። ሆኖም ብዙ ሰው ሽፋኑን ሲያነብ ዓይኑ ሦስተኛው ቃል ላይ ሳይደርስ ይመለሳል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንኑ ሦስተኛ ሥራ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ሮበርት ራስል ቤኔት የተባለውን አሜሪካዊ ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ቤኔት በ1894 ተወልዶ በ1981 እስኪሞት ድረስ ሦስት መቶ ያህል የሙዚቃ ቴአትሮችን በሙሉ ወይም በከፊል ለኦርኬስትራ አቀናብሯል። ከነዚህም ውስጥ የከርን «ሾው ቦት»፥ የሮጀርስና የሐመርስታይን «ኦክላሆማ» እና «ሳውዝ ፓሲፊክ»፥ የፖርተር «ኪስ ሚ ኬት»፥ ከፊሊፕ ላንግ ጋር የሠራው «ማይ ፌር ሌዲ» ይገኛሉ። የአሜሪካ ሙዚቃ ቴአትር «ድምፅ» የሚባለው ነገር ካለ፥ ያንን ድምፅ ከማንም ይልቅ የፈጠረው እርሱ ነው። ስሙ ግን በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በትንሽ ፊደል ከመብራት ባለሙያው አጠገብ ይጻፍ ነበር።

ስለ እንዲህ ያለ ሰው ሲጻፍ ሁለት ዓይነት አነጋገር የተለመደ ነው። አንደኛው፥ አቀናባሪ ማለት ሌላው የሰፋውን ልብስ የሚተኩስ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ፥ እውነተኛው ደራሲ እርሱ ነው፥ ዜማውን የጻፈው ስሙን ብቻ አበደረ ይላል። ሁለቱም ሥራውን ቀርቦ ካለማየት የሚመጡ ይመስለኛል። በቤተ ክህነት ትምህርታችን ንባብ የሚባል አለ፥ ትርጓሜ የሚባል አለ። ንባቡን የጻፈው ሌላ ነው፤ የተርጓሚው ሊቅነት ግን በንባቡ ውስጥ ያለውን አውጥቶ ማሳየት፥ ከብዙ ፍች አንዱን ማስቀደም፥ አንዳንድ ጊዜም ንባቡ ራሱ ያላሰበውን ማሰብ ነው። አቀናባሪ የዜማ ተርጓሚ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በአንድምታ ንባቡና ትርጓሜው ተለያይተው ስለሚሰሙ ተማሪው የትኛው የማን እንደ ሆነ ያውቃል። በቴአትር ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ በአንድ ጆሮ ይገባሉ፤ ስለዚህ አድማጩ ትርጓሜውን ንባብ መስሎት ይሄዳል። የቤኔት ዕጣ በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህን ሥራ እንዴት ተማረው? የተወለደው ሚዙሪ ውስጥ በካንሳስ ሲቲ ነው። አባቱ ቫዮሊንና ጥሩምባ የሚጫወት የባንድ ሰው፥ እናቱ የፒያኖ አስተማሪ ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ በፖሊዮ ስለ ታመመ ቤተሰቡ ወደ እርሻ መንደር ሄደ፤ ልጁም በአባቱ ባንድ ውስጥ የቀረውን ተጫዋች ሁሉ እየተካ ይጫወት ጀመር። ሌላው ስለ መሣሪያ ጠባይ ከመጽሐፍ የሚማረውን እርሱ በአፉና በጣቱ ተማረው ማለት ነው። ኒውዮርክ እንደ ገባ ሥራው ሺርመር ለሚባለው ማተሚያ ቤት ኖታ መገልበጥ ነበር። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ገልባጭ የሰውን ሐሳብ ከውስጥ ያያል። በኋላ በ1926 ወደ ፓሪስ ሄዶ ከናድያ ቡላንዤ ዘንድ የድርሰት ትምህርት ተከታተለ። በ1930ም አር.ሲ.ኤ. ቪክተር ያወጣው የሲምፎኒ ውድድር ሽልማት ለአምስት ድርሰቶች ሲከፋፈል ከአምስቱ ሁለቱ የቤኔት ሆነው ዐሥር ሺህ ዶላር ተቀበለ። ስለዚህ ወደ ቴአትር የገባው ሌላ ነገር መሥራት ስላቃተው አይደለም። እርሱ ራሱ የብሮድዌይን ሥራ እንደ እንጀራ ያየው ነበር፤ ልቡ ያለው በሲምፎኒው ላይ ነው። ስለ ራሱ ሥራ የሰጠው ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑን ወደ ኋላ እንመረምራለን።

የሥራው ጠባይ እንዲህ ነው። የዜማው ደራሲ ዜማውን ለሰው ድምፅና ለፒያኖ ጽፎ ያስረክባል። ሁሉም እኩል አያስረክብም፤ ከርንና ሮጀርስ በሚገባ የተማሩ ስለ ነበሩ የሚያስረክቡት ስምምነቱም ጭምር የታሰበበት ጽሑፍ ነበር። ኢርቪንግ በርሊን ግን ኖታ የማይጽፍ፥ ፒያኖም በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚጫወት ስለ ነበረ፥ ያወጣውን ዜማ ሌላ ሰው ይጽፍለት ነበር። አቀናባሪው ይህን ተቀብሎ ልምምዱን ቁጭ ብሎ ያያል። ቀድሞ ሊጽፍ አይችልም፤ ዘፈኑ በየትኛው ቁልፍ እንደሚዘፈን የሚታወቀው ተዋናዩ ከተመረጠ በኋላ ነው፤ ጭፈራው ስንት ባር እንደሚፈጅ የሚታወቀውም ጭፈራው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩት ገጾች የሚጻፉት ትርኢቱ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ አብዛኛውም በሌሊት ነው። ቴአትሩ ኒውዮርክ ከመግባቱ በፊት በኒውሄቨንና በቦስተን ይሞከር ነበር፤ እዚያ ያልሰመረ ዘፈን ማታ ይሰረዛል፥ የተተካውም ለማግሥቱ መቀናበር አለበት። ክፍያው በገጽ ይቆጠራል፤ አንድ ገጽ ማለትም አራት ባር ነው። እንደ ግንበኛ በሜዳ እንደ መከፈል ያለ ነገር ነው።

ሌላም ችግር አለ። ቤኔት ሥራ በጀመረበት ዘመን በመድረክ ላይ ማይክሮፎን አልነበረም። ሃያ ስምንት መሣሪያ ከመድረኩ ሥር ባለው ጉድጓድ ሆኖ ሲጫወት፥ አንድ የሰው ድምፅ በላዩ አልፎ እስከ መጨረሻው ረድፍ፥ ያውም ቃሉ ሳይደበዝዝ መድረስ አለበት። የቤኔት ጥበብ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው። ዘፋኙ ቃል በሚናገርበት ጊዜ ከድምፁ ጋር በአንድ ከፍታ የሚሻሙትን መሣሪያዎች ያሳርፋል፤ ቫዮሊኖቹን ወደ ላይ ያወጣል፥ ወይም ወደ ታች ያወርዳል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ክላሪኔቱ ወይም ዋሽንቱ በዚያች ባዶ ቦታ ገብቶ አንድ ትንሽ ሐረግ ይላል፥ ቃሉ ሲመለስም ዝም ይላል። አድማጩ ይህንን አያስተውልም፤ የሚያስተውለው የተዋናዩ ቃል ጥርት ብሎ መሰማቱን ብቻ ነው። ስለዚህም ተዋናዩን ያመሰግናል።

ወደ ሥራዎቹ ስንመጣ፥ በ1943 የተከፈተው «ኦክላሆማ» ለክርክራችን ጥሩ ምስክር ነው። በሙከራው ጊዜ ቴአትሩ «አዌይ ዊ ጎ» ይባል ነበር። በመጨረሻው ክፍል ያለው ስለ አገሪቱ የሚዘፈነው ዘፈን መጀመሪያ ለአንድ ሰው የተሰጠ ነበር፤ ነገሩ አልደምቅ ስላለ ወደ መዘምራን እንዲዞር ተወሰነ፤ የድምፆቹን አከፋፈል የጻፈውም ቤኔት ነው። ዜማው አልተለወጠም፥ ግጥሙም አልተለወጠም። ነገር ግን አንድ ሙሽራ ስለ ወደፊት ኑሮው የሚለው ነገር፥ ሕዝብ በሙሉ ስለ አገሩ የሚምለው መሐላ ሆነ። የቴአትሩም ስም በዚያው ሰሞን በዘፈኑ ስም ተተካ። አንድን ቃል ከአንድ ሰው አፍ አውጥቶ ለማኅበር መስጠት የትርጉም ለውጥ ካልሆነ ሌላ ምን የትርጉም ለውጥ አለ?

በ1949 የመጣው «ሳውዝ ፓሲፊክ» ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ከመጋረጃው በፊት የሚጫወተው የመክፈቻ ሙዚቃ፥ እንደ ብሮድዌይ ልማድ፥ ከዘፈኖቹ እየለቀመ የሚገጥመው አቀናባሪው ነበር። የዚህ መክፈቻ መጀመሪያ ሦስት ኖታ ብቻ ነው፤ ከታች ተነሥቶ ሙሉ ኦክታቭ ይዘላል፥ ወዲያው በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። በፒያኖ ሲመታ ሦስት ኖታ ነው፥ ከዚያ አያልፍም። ቤኔት ግን በኦርኬስትራው ሙሉ ኃይል፥ ነሐሱን ከፊት አድርጎ ሲያስነሣው፥ ተመልካቹ መድረኩን ሳያይ ባሕርና ተራራ ያያል። ያው ሦስት ኖታ በኋላ በዘፈኑ ውስጥ ሲመለስ ጩኸቱ የለም፤ ደሴቲቱ ከሩቅ እንደምትጣራ ሆኖ ይሰማል። ዝላዩና ውድቀቱ፥ ማለትም ምኞቱና አለመድረሱ፥ የሮጀርስ ነው፤ ርቀቱ ግን የቤኔት ነው። ሊንከን ሴንተር ቴአትር በ2008 ይህንኑ ሥራ መልሶ ሲያቀርብ የቤኔትን ቅንብር በሠላሳ ሙዚቀኞች አስጫወተ። መክፈቻው ሲጫወትም የመድረኩ ወለል ወደ ኋላ ተንሸራቶ ኦርኬስትራው ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ስድሳ ዓመት ያህል ጉድጓድ ውስጥ የኖረው ሥራ ወጣ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ለቤኔት ልዩ የቶኒ ሽልማት ተሰጠው፤ ከሞተ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። የቶኒ ሽልማት ለቅንብር ሥራ ቦታ የሰጠውም ገና በ1997 ነው።

«ማይ ፌር ሌዲ» በ1956 ሲዘጋጅ የገጠመው ጉዳይ ሌላ ነው። ዋናው ተዋናይ ሬክስ ሃሪሰን ዘፋኝ አልነበረም፤ ዘፈኑን በንግግርና በዜማ መካከል ሆኖ ይለዋል። እንግዲህ ሰውዬው ዜማውን ካልዘፈነው ዜማው የት ይኖራል? ኦርኬስትራው ውስጥ። መሣሪያዎቹ ዜማውን ከሥር ይዘው ሲሄዱ ተዋናዩ ከላዩ እየተናገረ፥ አንዳንዴ እየቀደመ፥ አንዳንዴ እየዘገየ ይጓዛል። አድማጩ ግን ሰውዬው እንደ ዘፈነ ሆኖ ይሰማዋል። ዜማው ከፍ ብሎ ከተሰማ የተዋናዩን ድካም ያጋልጣል፤ ዝቅ ካለ ዘፈኑ ይጠፋል። ቤኔትና ላንግ መካከለኛውን መንገድ ያገኙበት መንገድ፥ በኔ አስተያየት፥ ከብዙ ሲምፎኒ የበለጠ ጥበብ ያለበት ነው።

በፊልም በኩል የቤኔት ታሪክ አጭር ነው፥ ግን ብዙ ያስተምራል። ከ1936 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በሆሊዉድ ኖሮ የፍሬድ አስቴርን ፊልሞች ሠርቷል። «ስዊንግ ታይም» በተባለው ፊልም ውስጥ ላለው ታላቅ የቫልስ ጭፈራ ከርን የሰጠው የዜማ ቁራጮች ነበሩ፤ ቤኔት እነዚያን ገጣጥሞ ሙሉ ሥራ አደረጋቸው፥ የተሰጠውም ስም «የገነባና ያቀናበረ» የሚል ነበር። «የገነባ» የሚለው ቃል ከ«ያቀናበረ» ይልቅ እውነቱን ይናገራል። በፊልም ማይክሮፎን ስላለ የቴአትሩ ትልቅ ችግር ይቀልላል፤ ለስላሳውን ድምፅ ማጉላት፥ ኃይለኛውን ማሳነስ ይቻላል። ነገር ግን ምስጋናው የባሰ ይበተናል። «ኦክላሆማ» በ1955 ፊልም ሆኖ የሙዚቃው ኦስካር ሲሰጥ ለቤኔት፥ ለጄይ ብላክተንና ለአዶልፍ ዶይች በአንድነት ነው። በሌሎች ብዙ ፊልሞች ላይ ሽልማቱን የሚወስደው የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ብቻ ሲሆን፥ ገጹን የጻፈው ሰው ስሙ በማያው ላይ እንኳ አይወጣም ነበር።

የሁሉም መደምደሚያ የሆነው ግን «ቪክትሪ አት ሲ» ነው። ይህ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ውጊያ በኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ከጥቅምት 1952 ጀምሮ የታየ፥ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት የሆነ ሃያ ስድስት ክፍል ያለው ፊልም ነው። ከዳር እስከ ዳር በሙዚቃ የተሞላ ነው። ሙዚቃው የሪቻርድ ሮጀርስ ተብሎ ታወቀ፤ ሮጀርስ የሰጠው ግን ዐሥራ ሁለት ያህል አጫጭር ዜማዎችን ነው። እነዚያን እያሰፋ፥ እየለዋወጠ፥ በመካከላቸውም ከራሱ እየጨመረ ለሰዓታት የሚዘልቀውን ሙዚቃ የጻፈው፥ ኦርኬስትራውንም ቆሞ የመራው ቤኔት ነው። ሮጀርስ የቤኔትን ድርሻ በአደባባይ ከማመስገን አልተቆጠበም፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ስርቆት መቁጠር አይገባም። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የንባብና የትርጓሜ ምሳሌያችን ራሱ ይፈተናል። ንባቡ አንድ ገጽ፥ ትርጓሜው አንድ መጽሐፍ ሲሆን፥ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የማን ስም ነው የሚጻፈው? ለቴአትሮቹ «በሮጀርስ የተደረሰ፥ በቤኔት የተቀናበረ» የሚለው አነጋገር እውነት ነው እላለሁ። ለ«ቪክትሪ አት ሲ» ግን ቃሉ አይበቃም፤ ሁለት ደራሲ ያለው ሥራ ነው መባል ነበረበት።

ኩርት ቫይል ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀረው መንገድ አንድ ነው ባይ ነበር፤ ቅንብር የድርሰቱ ክፍል ስለ ሆነ ደራሲው ራሱ ይሥራው። እርሱም በብሮድዌይ የቀረቡትን ሥራዎቹን ራሱ ያቀናብር ነበር። ገርሽዊንም «ፖርጊ ኤንድ ቤስ»ን በገዛ እጁ አቀናብሯል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ቫይል ያልገመተው፥ የሌላ ሰው ጆሮ ለዜማው የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ነው። ደራሲ የራሱን ዜማ ሲያለብስ መጀመሪያ እንዳሰበው ያለብሰዋል፤ ሌላው ግን እንደ ሰማው ያለብሰዋል። በ1957 የወጣውን «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የደረሰው በርንስታይን እንኳ፥ ኦርኬስትራን ከማንም የማያንስ እያወቀ፥ ከሲድ ራሚንና ከኧርዊን ኮስታል ጋር አብሮ ሠርቷል።

እስከ አሁን ምስጋና ነው፤ ነቀፋውም መነገር አለበት። የቤኔት ኦርኬስትራ ዘፋኙን ሁልጊዜ ያምነዋል። ገጸ ባሕርዩ እወዳለሁ ካለ ቫዮሊኖቹ እውነት ነው ይላሉ፤ አልፈራም ካለ ጥሩምባዎቹ ይመሰክሩለታል። ሰውዬው ራሱን ሲያታልል ኦርኬስትራው አብሮት ይታለላል። ከዚህም የተነሣ ደካማ ዘፈን በቤኔት እጅ ካለፈ በኋላ ከጠንካራው ለመለየት ያስቸግራል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የክት ልብስ ለብሶ ይቀርባል። በ1959 በቀረበው «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ላይ ይህ ጣፋጭነት ከልክ ያልፋል ብል የሚቆጡኝ ብዙ ናቸው፤ ግን እላለሁ። ከ1970 ጀምሮ ለስቲቨን ሶንድሃይም ያቀናበረው ጆናታን ቱኒክ የተለየ መንገድ ከፈተ። በ«ካምፓኒ»ና በ«ስዊኒ ቶድ» ኦርኬስትራው ገጸ ባሕርዩ የማያውቀውን ያውቃል፤ አፉ አንድ ሲናገር መሣሪያው ሌላ ያንሾካሹካል። አንድምታ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ፍች እንደሚያመጣ ማለት ነው። በቤኔት ዘንድ «አንድም» የለም። ይህ የችሎታ ጉድለት ነው ብሎ መፍረድ ግን አይገባም፤ የሐመርስታይን ግጥሞች የሚፈልጉት አማኝ ኦርኬስትራ ነበር፥ የሶንድሃይም ግጥሞች የሚፈልጉት ተጠራጣሪ ኦርኬስትራ ነው። ሆኖም ሦስት መቶ ቴአትር የሠራ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠራጠር ኖሮ ያሰኛል።

የራሱስ ፍርድ? ከሲምፎኒዎቹ ይልቅ ዛሬ በኮንሰርት አዳራሽ የሚሰማው ፍሪትዝ ራይነር አዝዞት በ1942 ከገርሽዊን «ፖርጊ» የገጣጠመው የሲምፎኒ ሥዕል ነው። በሌሎች ዜማ ያልተሠራና ሳይረሳ የኖረ ቢኖር በ1949 ለባንድ የጻፋቸው የአሮጌ አሜሪካ ጭፈራዎች ናቸው፤ እነርሱም የአባቱ ባንድ ውርስ መሆናቸው ግልጽ ነው። ለዝና ያሰበው ሸሸ፥ ለእንጀራ የጻፈው ጸና። ከዚህ ተነሥቶ ሰውዬው ራሱን አላወቀም ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ያላወቀው ሥራውን ነው እላለሁ፤ ሥራው ድርሰት ለመባል የሚያንስ መስሎት በሌላ ሚዛን ሲመዝነው ኖረ።

በ2019 «ኦክላሆማ» በኒውዮርክ በአዲስ አዘጋጅ ሲቀርብ ሃያ ስምንቱ መሣሪያዎች ቀርተው በዳንኤል ክሉገር ቅንብር በሰባት ሙዚቀኞች ተጫወተ፤ ጊታርና ባንጆ ያለበት የገጠር ባንድ ነው። አዘገጃጀቱም አብሮ ስለ ተለወጠ ሁሉን ለቅንብሩ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን ዜማው አንድ ኖታ ሳይነካ፥ ያ የሕዝብ መሐላ የነበረው ዘፈን የሚያስፈራ ሆኖ ተሰማ። ከ1943 ጀምሮ ዘፈኑን በደስታ ስንሰማው የኖርነው ቤኔት በደስታ ስለ ተረጎመው እንደ ነበረ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ለማነጻጸር መጀመሪያው ጽሑፍ መኖር አለበት፤ እርሱም ሁልጊዜ አይገኝም። ትርኢቱ ሲያበቃ የዜማው መጽሐፍ ታትሞ ይሸጣል፤ የኦርኬስትራው ገጾች ግን በሣጥን ተከተው ይረሱ፥ ወይም ይጣሉ ነበር። በ1982 ኒውጀርሲ ውስጥ በሲኮከስ ከተማ በዋርነር ኩባንያ መጋዘን ብዙ ሣጥን ኖታ ተገኘ፤ ከውስጡም የገርሽዊንና የከርን ጠፉ የተባሉ ሥራዎች ወጡ። በ1988 ጆን መግሊን የተባለው መሪ «ሾው ቦት»ን በቤኔት የ1927 ቅንብር እንደ ገና አስቀዳ። ከዚያ በፊት ስለዚያ ቅንብር ይጻፍ የነበረው አብዛኛው ነገር፥ ገጾቹን ባላዩ ሰዎች የተጻፈ ነው።